የጋሼ ኃይለ መስቀል ቅምሻ

ባሌ ገመቹ በሠላሳ ዓመቱ የመብራት ሙያ ልማር ብሎ ሲነሳ አልከለከልኩትም። ከዚያ በፊት መርካቶ ኩንታል ተሸካሚ ነበር። ማታ ማታ ወገቡን በቅባት የማሸው እኔ ስለሆንኩ፣ ከኩንታል ሽቦ ይቀላል ብዬ እንዲያውም ደስ አለኝ። ሽቦ ሰው እንደሚገድል ማን ነገረኝ! ጊዜው ጃንሆይ ከመውረዳቸው ሦስት አራት ዓመት በፊት ነው፤ እኛ በነበርንበት በኮልፌ ሰፈር መብራት ያለው ቤት ጥቂት ነበር፤ ያለውም ሰው ማታ ማታ መስኮቱን ከፍቶ ያበራል፣ እኛ እንድናይለት።

የሚያስተምሩት ሰው ጋሼ ኃይለ መስቀል ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከአንድ ጣሊያን ጋር ሠርተው ነው ሙያውን ያገኙት። ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውንና ጉራውን ትቶላቸው ሄዷል። ፒንሳውና ካቻቢቴው ዝጓል፤ ጉራው ግን አንድም ነገር አልሆነም። ከአስኮ እስከ ዘነበወርቅ መብራት የሚያስገባ ሰው ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። እሳቸውም እየተጎተቱ ይመጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳውን ያዩታል። ከዚያ ሽቦው ኮረንቲ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ በጣታቸው ጀርባ ነካ ያደርጉታል። አዎ፣ በጣታቸው! ሌላው ባለሙያ ቴስተር የሚባል፣ እጀታው ውስጥ ትንሽ አምፖል ያለው ካቻቢቴ ይይዛል። ሽቦው ኮረንቲ ካለው አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ነገሩ አለቀ። ጋሼ ኃይለ መስቀል ግን «ቴስተሬ ይኼ ነው» ብለው ጣታቸውን ቀስረው ያሳያሉ። «ኮረንቲ ያውቀኛል» ይላሉ ደግሞ፣ ክርስትና ያነሱት ይመስል።

የጓንት ስም እሳቸው ፊት አይነሳም። ጓንት የሙሽራ ነው፣ ጓንት የሰልፍ ወታደር ነው። የጎማ ቦት ጫማ ደግሞ በረት የሚጠርግ ሰው ያድርገው። ቆጣሪው ላይ ሄዶ መብራቱን አጥፍቶ መሥራትማ የፈሪ ሁሉ ፈሪ ሥራ ነው።

ጣቱ የእሳቸው ነው፤ ቢፈልጉ ይጥበሱት። እኔን የሚያሳስበኝ ቅምሻው ነው። ጋሼ ኃይለ መስቀል አንድ ደንብ አላቸው፦ ተማሪያቸው ኮረንቲ እስኪቀምስ ድረስ ሽቦ አይነካም። መሰላል ይሸከማል፣ በመሮና በመዶሻ ግድግዳ ይበሳል፣ የሲሚንቶ አቧራ ይውጣል። አንድ ቀን እሳቸው ደስ ሲላቸው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በባዶ እጁ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ ያስነኩታል። ሳይጮህ ከቻለ ፒንሳ ያስጨብጡትና «ባለሙያ» ይሉታል። ከጮኸ ወደ መሰላሉ ይመለሳል። ባጫ የሚባለው የገመቹ ጓደኛ ቀምሶ አንድ ክንዱ ሳምንት ሙሉ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ጉርሻ እንኳ በግራ እጁ እየጎረሰ፣ ያችን ቀን እንደ ጦር ሜዳ ነበር የሚያወራት። ሲያወራ ደግሞ የእኔ ባል አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

አንድ አርብ ማታ ገመቹ ፊቱ በርቶ ገባ።

«ነገ እቀምሳለሁ» አለኝ።

«የት?»

«እማማ ሚስኪ ቤት። የልጃቸው የጀላል ሠርግ እሁድ አይደል? ሳሎኑና ኮሪደሩ ላይ መብራት እየጨመርን ነው። ጋሼ ነገ በሰው ፊት ይሁን ብለዋል።»

«ብትሞትስ?»

«ማንም ሞቶ አያውቅም።»

«የሞተ ሰው መጥቶ ይንገርህ ነው የምትለው?»

ሳቀ። ገመቹ እንዲህ ነው፤ እኔ ስቆጣ ይስቃል። ስድቤን የለመደ ሰው ነው፤ ዝናብ እንደለመደ ቆርቆሮ ከላዩ ላይ ፈሶ ያልቃል። እኔ ደግሞ ሌላ ቋንቋ አላውቅም። ስወደውም እሳደባለሁ፣ ሲርበኝም እሳደባለሁ። በነገራችን ላይ እኛ ጴንጤዎች ነን፤ መሳደብ አይፈቀድልንም። የጸሎት ቡድናችን መሪ ወንድም ጥሩነህ ሁልጊዜ ይገሥጸኛል። በማግስቱ ማለዳ ቤቱ ድረስ ሄጄ የቅምሻውን ነገር ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ «እኅት ወርቄ፣ ጌታ ይጠብቀዋል» አለኝ። «አሜን» አልኩና ወደ መርካቶ ወረድኩ። ጌታ መጠበቁን ይጠብቅ፤ ጓንት ግን ከሰማይ አይወርድም።

ምናለሽ ተራ ካንዱ ነጋዴ ላይ አንዱን ነጠላዬን ሰጥቼ ወፍራም የጎማ ጓንትና ማንም ያላደረገው የጎማ ቦት ጫማ ወሰድኩ። ነጋዴው «ምሰሶ ላይ የሚወጡት ሰዎች የሚያደርጉት ነው» ብሎ ማለልኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አደረግሁና፣ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ላግዝ ብዬ እማማ ሚስኪ ቤት ሄድኩ። ጎረቤት ነን፤ ለሠርግ ማንም ማንንም ምን ፈለግህ አይለውም።

እማማ ሚስኪ በሩ ላይ ቆመዋል። ከትናንት ጀምሮ ቤቱን ሲያሳጥቡ ነው የዋሉት። ሳሎኑ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ ለእንግዳ የሚሆን ፍራሽ ጥጉ ላይ ተደራርቧል፣ የኮሪደሩ ሲሚንቶ ገና ውሃው አልደረቀም። ጋሼ ኃይለ መስቀል ገመቹን መሰላል አሸክመው ሲደርሱ እማማ ሚስኪ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጫማ!» አሉ።

«እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት» አሉ ጋሼ።

«በእግርህ ነው እንዴ የምትሠራው ልጄ? እዚህ ምንጣፍ ላይ ሰው ይሰግዳል። አውልቅ።»

ጋሼ ኃይለ መስቀል እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለምደው አያውቁም። ሥራቸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሰው ያልገባበት ቤት ነው፤ እስከ ትናንትም ይህንኑ ቤት ከውጭ በኩል ነበር የሠሩት። ጫማቸው ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ጫማ አይደለም። እሳቸው አጭር ናቸው፤ ሲናገሩ ረጅም ይመስላሉ እንጂ። ቁመት እንዲጨምርላቸው ብለው ከጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ ሶል፣ አንዱን በአንዱ ላይ አስመትተውበታል። ሲያወልቁት አራት ጣት ያህል ቁልቁል ወረዱ። ሽንኩርት ከታፊዎቹ ሴቶች ተያዩ። እኔም ሽንኩርቱ እያስለቀሰኝ አየሁ።

ገመቹም ሸራ ጫማውን አወለቀ። ያኔ ተነስቼ ጨርቁን ፈታሁ።

«እማማ፣ ይኼ ጫማ አፈር ነክቶ አያውቅም። ይዩት። ገመቹ አድርጎት ይግባ።»

እማማ ሚስኪ ቦቱን ገልብጠው አዩ፣ አሸተቱም። «አዲስ ነው። ይግባ» አሉ።

ጋሼ ጓንቱን ሲያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ገመቹ፣ ሚስትህ ልትድርህ ነው?» አሉ። ገመቹ እስከ ጆሮው ቀላ። ዞር ብሎ በቀስታ «ወርቄ፣ በፈጠረሽ ተዪኝ» አለኝ፤ ቦቱንና ጓንቱንም ግድግዳው ሥር ጥሎ በባዶ እግሩ ገባ። ቢላዋ እጄ ላይ ባይሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ እኔ አላውቅም። ቢላዋ ስለነበር አስቀመጥኩትና ተከተልኩት።

ኮሪደሩ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው የሚገባበት፣ ከውጭ በኩል የበሱት ቀዳዳ አለ፤ ከውስጡ ሁለት ሽቦ ወጥቷል። ሳሎኑ መብራት በርቷል፣ ራዲዮኑም እየዘፈነ ነው። ጋሼ ኃይለ መስቀል ውሃው ያልደረቀው ሲሚንቶ ላይ ቆሙና ሴቶቹ እስኪሰበሰቡ ጠበቁ።

«መጀመሪያ እኔን እይ» አሉት ገመቹን። «ኮረንቲ እንደ በቅሎ ነው፤ ፈሪን ያውቃል። እኔን ግን፣ ይኸው...»

ጣታቸውን ላኩ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ጠጅ ውስጥ የወደቀ ንብ ያህል። ጋሼ ኃይለ መስቀል ግን ኮሪደሩ ላይ አልነበሩም። ወደ ኋላ ተወርውረው፣ በሳሎኑ በር አልፈው፣ የእንግዶቹ ፍራሽ ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ሲወድቁ የጮኹት ደግሞ «እማዬ!» ብለው ነው። ያ ሁሉ ጉራ፣ ያ ሁሉ ጣሊያን፣ መጨረሻው «እማዬ!»

ሴቶቹ ጮኹ። እማማ ሚስኪ አላህን ጠሩ። እኔ ደግሞ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። በጣም ሳቅኩ። ሰውየው ቀና ብለው ሲቀመጡ ጸጉራቸው እንኳ ተቆጥቶ ነበር።

«ጫማዎ ነው!» አልኳቸው። «ጎማው ነው ሲያድንዎት የኖረው! ኮረንቲ የት ያውቅዎታል!»

ወደ እርጥቡ ሲሚንቶ አዩ፤ ከዚያ ወደ ባዶ እግራቸው። ገብቷቸዋል፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ግን ሰው ሁሉ አይቷቸዋል፣ «እማዬ» ማለታቸውንም ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ። «ሽቦው ዛሬ ትንሽ ኃይለኛ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ገመቹ፣ ና። ተራህ ነው።»

ሳቄን አቋረጥኩ። ምክንያቱም ገመቹ መሄድ ጀመረ። ዓይኑ እያየ፣ ሰውየው እንደ ኳስ ሲወረወሩ አይቶ፣ እዚያው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ ቆመ። እምቢ ቢል ነገ ወደ ኩንታሉ ነው፤ እሱን እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ። ወገቡን አውቀዋለሁ እኮ። እጁን ቀስ አድርጎ አነሳ።

ያኔ የተናገርኩትን አስቤ አልተናገርኩትም። «አንተ ከሞትክ እኔ ከማን ጋር እጣላለሁ?» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ገመቹ ዞሮ አየኝ። እጁን አወረደና ወደ እማማ ሚስኪ ዞረ።

«እማማ፣ ቆጣሪው የት ነው?»

«ቆጣሪ የነካ ሰው ከእንግዲህ መሰላሌን አይሸከምም» አሉ ጋሼ ከፍራሹ ላይ።

«ይሁን ጋሼ» አለ ገመቹ። ቦቱን አደረገ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ እማማ ሚስኪ ወዳሳዩት ወደ ጓሮ በር ሄዶ ቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ ቁልቁል አወረደው። ራዲዮኑ በግማሽ ቃል ዝም አለ። ኮሪደሩ መስኮት የለውም፤ ፀሐይም እየጠለቀች ስለነበር ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። እማማ ሚስኪ ሴቶቹን ወደ ሽንኩርቱ መለሷቸውና ለእኔ ፋኖስ አስይዘው ለሶላት ሄዱ። ገመቹ ፒንሳውን ከጋሼ ከረጢት አወጣ፤ ማንም አልሰጠውም፣ ማንምም አልከለከለውም። ጋሼ ኃይለ መስቀል ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሄዱም፤ እዚያው ፍራሹ ላይ ቀሩ። ከጨለማው ውስጥ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል።

ገመቹ የሽቦውን የጎማ ልባስ ሲልጥ ሁለት ጊዜ ሽቦውን ራሱን ቆረጠው። ሦስተኛውን ሲጀምር ከፍራሹ ላይ ድምፅ መጣ።

«እንደሱ አትጭነው። ላዩን ብቻ ያዝና አዙር። አዙረህ ሳብ።»

ገመቹ አዙሮ ሳበ። ልባሱ ተንሸራትቶ ወጣ።

«አሁን ሁለቱን ሽቦ አራርቃቸው። የማብሪያ ማጥፊያውን ብሎን ላላ አድርግ፣ ጫፉን አጥፈህ አስገባ፣ ከዚያ አጥብቅ። ከወጣ ቤት ያቃጥላል።»

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። ስድስት ወር ሙሉ መሰላል ሲያሸክሙት አንድ ቀን እንዲህ አስተምረውት አያውቁም። እኔ ፋኖሱን ወደ እጁ ጠጋ አደረግሁለት።

ገመቹ ብሎን እያጠበቀ፣ ፊቱን ሳያዞር ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ እርስዎንም ጣሊያኑ አስቀምሶዎታል?»

«በግድ። እጄን ይዞ።»

«ፈርተው ነበር?»

ጋሼ ፍራሹ ላይ ሲገላበጡ ተሰማ።

«እስከ ዛሬ እፈራለሁ» አሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል። «ሽቦ በነካሁ ቁጥር። ጠዋት ጫማዬን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አስራለሁ። ሁላችሁንም ያስቀመስኩት... እንጃ። የሚፈራው እኔ ብቻ እንዳልሆን ነው መሰለኝ።»

ለእኚህ ሰው ጠዋት ያዘጋጀሁላቸው የስድብ ዓይነት ነበረኝ። አንዱም ትዝ አላለኝም።

«እኔም ፈርቼ ነበር ጋሼ» አለ ገመቹ። «አሁን ቅድም እጄን ሳነሳ።»

«እኔም» አልኩ እኔ። ማንም አልጠየቀኝም።

ገመቹ ፒንሳውን አውርዶ ዞረ። በፋኖሱ ብርሃን ትኩር ብሎ አየኝ፤ እየቀለደ አልነበረም።

«አንቺ?» አለኝ። «አንቺም ትፈሪያለሽ?»

«ከትናንት ጀምሮ የምጮኸው ምን መስሎህ ነው?» አልኩት።