ጋሽ ፈቃደ ከሚስታቸው ጎን

ሰው በሥዕሌ ሲመጣብኝ አልወድም። አስተያየት ያለው ብሩሹን ይቀበለኝና ራሱ ይሳል። ይህን ቡታጅራ ውስጥ ላለች አንዲት ቀጭን መንገድ ሰዎች ብነግራቸው ማን ሰማኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለፈ ያገደመው እየቆመ፣ የባጃጁ ጎማ አነሰ፣ በርበሬው ደበዘዘ ሲለኝ ከረመ።

የመንገዱን ረጅም ግድግዳ እንድስል ከወልቂጤ ያስመጡኝ ነጋዴዎቹ ናቸው። ስምምነታችን ግልጽ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የሚሳለው እዚያው የሚኖር ሰው ነው፣ የሚሳለውም ራሱ የመረጠውን ሥራ ሲሠራ ነው። ቅመም ሻጯ ከድጄ ፊቷ እንዲሳል ስላልፈለገች ከጀርባዋ ሳልኳት፤ ኩራቷ ግን ከጀርባም ይታያል። ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጡት እትዬ ውድነሽ ደግሞ እንሰት ሲፍቁ እንድስላቸው ጠየቁኝ።

እንሰት ሲፋቅ አይቼ አላውቅም። ከተማ ያደግኩ ነኝ። እሳቸው መሬት ቁጭ ብለው እግር እንዴት እንደሚዘረጋ፣ የቀርከሃው መፋቂያ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ። አሳምሬ ሳልኳቸው። ከጎናቸው ግን ባዶ ቦታ ቀረ፣ እኔ ደግሞ ባዶ ቦታ አይሆንልኝም። ስለዚህ ባለቤታቸውን ጋሽ ፈቃደን፣ የመንገዱን ልብስ ሰፊ፣ ሳልጠይቃቸው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞርኩት፤ አላፊ አግዳሚውን ሰላም የሚሉ ይመስላሉ።

በማግስቱ ስመጣ ሴቶቹ ግድግዳው ሥር ተሰብስበው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ ድርሽ እንደማይል ከድጄ እንባዋን እየጠረገች ነገረችኝ። እዚያ ተጎልቶ መታየት ለወንድ ነውር ነው። ጋሽ ፈቃደ ሥዕሉን ካዩ ወዲያ፣ በግድግዳው ላለማለፍ ወደ ሱቃቸው የሚመጡት በአስፋልቱ ዞረው ሆነ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ መፋቁን መቼ እንደጀመሩ ይጠይቃቸዋል። እኚህን የመሰሉ ትልቅ ሰው በእኔ ምክንያት የሰፈር መሳቂያ ሆኑ። አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩም፤ ከሳልኳቸው ፊቶች ሁሉ የሳቸውን የሚያህል አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ነጭ ቀለም በጥብጬ መሰላሌን አቆምኩ። ጋሽ ፈቃደ ከግድግዳው ላይ ሲጠፉ ሊያዩ መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ብሩሹን ሳነሳ እትዬ ውድነሽ ከቤት ብቅ አሉ።

"ተወው" አሉኝ።

ወጉን ባለማወቄ እንዳጠፋሁ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ባላቸውን ነበር።

"ቆጮዬን አርባ ዓመት በላህ፤ ስፍቅ ግን አንድ ቀን አላየኸኝም። ወጉ ነው፣ አልከፋኝም። እዚህ ግን ብታየኝ ደስ ይለኛል።"

ልታይ የመጣችው ከድጄ እንኳን አልሳቀችም። ጋሽ ፈቃደ ወደ ግድግዳው ቀረቡና መጀመሪያ የራሳቸውን ፊት አዩ፤ ከዚያ መፋቂያውን አጥብቆ የያዘውን የሚስታቸውን እጅ ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት። እኔ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። በመጨረሻ ቀና ብለው ተቆጡኝ።

"ታዲያ ወደ መንገዱ ምን አስዞረኝ? ወደ እሷ አዙረኝ እንጂ።"

ቀትር ሳይሆን አዞርኳቸው።