ሁለቱ አራሶች

ድመቷ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ወድቃ ስትንፈራገጥ ብዙወርቅ ከውስጥ ሆና ታያት ነበር። እግሮቿ ተገትረዋል፤ ከአፏ አረፋ ይወጣል። ብዙወርቅ መስኮቱን መታች፣ ጮኸች፤ ግን ምን ልታደርግ? አራስ ናት። ልጇ ክርስትና ሳይነሳ ደጅ አትወጣም። ድመቷ ወደ ሐዲዱ ማዶ ልትሳብ ሞከረችና ዝም አለች።

"ምን ሆንሽ? ልጁን አስደነገጥሽው እኮ!" አሉ አማቷ እትዬ ፈለቀች ከጓዳ እየወጡ።

"ገደሏት፣ እማማ። ድመቷን ገደሏት።"

እትዬ ፈለቀች አንገታቸውን አስግገው አዩ። "ማለዳ ውሻ የሚያጠፉት ሰዎች ሲያልፉ አይቻለሁ። ያበደ ውሻ በዛ ተብሎ ነው። ለእሷ ያሰበ የለም፤ እግር ጥሏት ነው።"

እግር አልጣላትም። ድንጋዩ ላይ የቀረውን ቁራጭ ብዙወርቅ አየችው፤ ጥሬ ሥጋ ነው። እሷ በየጠዋቱ በመስኮት ድንጋዩ ላይ የምትጥልላት ግን ለአራስነቷ ከሚቀቀልላት ሥጋና አጥንት የምትቀንሰውን ነበር። መርዝ የሚጥሉት ሰዎች ድንጋዩ ላይ አጥንት ሲያዩ ውሻ የሚመላለስበት መስሏቸዋል። ድመቷም እንደ ወትሮው ያገኘችውን አምና በላች። ሰው የማታምን አውሬ፣ ያንን ድንጋይ እንድታምን ያስለመደቻት ብዙወርቅ ናት። ይህ ሲገባት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ሰፈር አይጥ የሚፈለፈለው ከእህል መጋዘኑ ነው። አምና የብዙወርቅን የበኩር ልጅ፣ ወርቅውሃን፣ ተኝታ ሳለ አይጥ ጣቷን ነከሳት። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሐኪም ጋ እስክትደርስ እሳት ሆኖ የነበረው ገላዋ ቀዘቀዘ። አባቷ ቀናው ያን ጊዜም እንደ አሁኑ ከባቡሩ ጋር ድሬዳዋ ነበር። ዘንድሮ ወንድ ልጅ ስትወልድ ብዙወርቅ ጣራውን እያዳመጠች እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ። ኮሽታው ግን አልመጣም። ይቺ ባለቤት የሌላት፣ ጆሮዋ የተተለተለ ድመት ከሐዲዱ ማዶ በተከመረው አሮጌ የሐዲድ እንጨት ሥር ወልዳ፣ የሰፈሩን አይጥ ትለቅም ነበር። ሰው ወደ ልጆቿ ከቀረበ አራስ ነብር ናት። ብዙወርቅ ግን ልጇን እያጠባች በመስኮት ስታያት "እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ" ትላት ነበር፤ ከልቧ።

አሁን ከክምሩ ሥር የግልገሎቹ ጩኸት ይሰማል። አጠገቡ ባዶ ፉርጎ ቆሟል፤ ሠራተኞች እንጨቱን እየጫኑ ነው።

"እማማ፣ እባክዎ ልጆቿን ያምጡልኝ።"

"ድመት? አራስ ቤት? የወተት ሽታ ስቧት የሕፃኑ አፍ ላይ ብትተኛስ? አንዷን ቀብሬያለሁ፣ ልጄ። ሁለተኛ አልቀብርም።"

"እኔስ ቀብሬ የለ?"

አሮጊቷ ባልዲያቸውን አንስተው ወደ ቦኖው ወጡ።

ብዙወርቅ ትራሷ ሥር የተደረገላትን ቢላ መዘዘች። አራስ ደጅ ከወጣች ብረት ትይዛለች፤ ሕፃንም ብቻውን ከተተወ ብረት አጠገቡ ይደረጋል። ቢላው አንድ ነው። ከልጁ ራስጌ አኖረችውና ባዶ እጇን ወጣች። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት።

"እትዬ ብዙወርቅ! አራስ አይደለሽም እንዴ? ምን ሆነሽ ነው የወጣሽው?" አለ እንጨት ከሚጭኑት አንዱ፣ ጎረቤቷ ሮሪሳ።

"አንዴ አቁሙልኝ። ከሥር የድመት ልጆች አሉ።"

"ለድመት ብለሽ? ፉርጎው እኮ ሊነሳ ነው!"

"እናታቸውን የገደልኳት እኔ ነኝ። አቁሙ ስልህ!"

ሮሪሳ ፊቷን አይቶ ባልደረቦቹን በእጁ አስቆመ። የመጨረሻዎቹን እንጨቶች ቀስ እያለ እሱው አነሳቸው። ብዙወርቅ ዘግይታለች። ሁለቱን የተንከባለለ እንጨት ጨፍልቋቸዋል። ሦስተኛዋ፣ ዓይኗ በቅጡ ያልተገለጠ፣ ከወንድሞቿ ሥር ትንቀጠቀጣለች። ብድግ ስታደርጋት ጥፍሯን ጣቷ ላይ ሰካችባት።

ስትመለስ እትዬ ፈለቀች ሕፃኑን ታቅፈው በር ላይ ቆመዋል።

"ልጁን ጥለሽ ወጣሽ! ለዚች!"

"ለእናቷ ነው፣ እማማ። እሷ ባትኖር የታቀፉትን ልጅ አይጥ በልቶት ነበር። ውለታዋን በመርዝ ከፈልኳት።"

"መርዙን አንቺ አልጣልሽ።"

"በኔ ድንጋይ ሞተች።"

አሮጊቷ ከበሩ አልተነሱም። "ትሞትብሻለች። እናት የሌላት የት ትደርሳለች? ደግመሽ ታለቅሻለሽ።"

"አለቅሳለኋ።"

እትዬ ፈለቀች ከበሩ ገለል አሉ። ሕፃኑን ግን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

ብዙወርቅ ገብታ ከአልጋው ሥር ሳጥኗን ጎተተች። ከልብሱ ሁሉ ታች ወርቅውሃ ትጠቀለልበት የነበረው ቢጫ ብርድ ልብስ አለ። ብርድ በበረታ ጊዜ ለወንድ ልጇ እንኳ እምቢ ብላ ያልሰጠችው ነው።

"እሱንማ ተዪው" አሉ እትዬ ፈለቀች፣ ድምፃቸው እየተሰበረ።

ብዙወርቅ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ዘረጋች፤ ግልገሏን መሀሉ ላይ አስተኝታ ጠቀለለቻት።

"ወተት ሞቅ ያድርጉልኝ፣ እማማ" አለች።