በአረንጓዴ መብራት የቆመው ስኩተር

አብራኝ የምትኖረው ነፊሳ አንድ ወሬ ከያዘች ማኘክ እንጂ መዋጥ አታውቅም። «ሸዋዬ እኮ ስኩተሯ ላይ እንደተቀመጠች ነው የሞተችው» ትለኛለች ጠዋት። «አል ዐይን ከተማ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ በዚያ ሙቀት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ አልሄደችም። ከኋላ ጥሩምባ ቢነፋ፣ ቢነፋ…» ትለኛለች ማታ። በየቀኑ አንድ ነገር ትጨምርበታለች። በሦስተኛው ቀን «ስኩተሩ ግን አልወደቀም፤ እግሮቿ መሬት ረግጠው ይዘውት ነበር» አለች።

እኔ ለእንዲህ ያለው ጆሮ የለኝም። እንግሊዝኛውን ከስልክ፣ የሞተሩን ሆድ ዕቃ ከቪዲዮ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ መንጃ ፈቃዴንም ከሃያ ወንዶች መሀል ብቻዬን ቆሜ ነው ያወጣሁት። ሳዲያት ደሴት ላይ ያለ አንድ ሆቴል ለቁርስ ክፍሉ ሊቀጥረኝ ነው። ሰኞ ንጋት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የራሴ መጓጓዣ እንዳለኝ የሚያሳይ ወረቀት ይዤ መገኘት አለብኝ። ስኩተር ካለኝ የሰው ቤት ማጽዳት ኸላስ፣ አበቃ! ከሌለኝ ከማዳሜ መጥረጊያ ጋር መቅረቴ ነው።

ምርጫዬ ሁለት ነበር። እዚሁ አል ዋሕዳ የገበያ ማዕከል አጠገብ ያለ ሱቅ ውስጥ የቆመው አዲስ ነው፣ ፍሬኑም ግሩም፤ ግን ቁመቱ የግመል። ስቀመጥበት መሬት የሚነኩት የእግሬ ጣቶች ብቻ ናቸው፤ ወረቀቱም ቀናት ይፈጃል። ሁለተኛው የሸዋዬ ነው። ዝቅ ያለ፣ ቀላል፣ በመኪና መሀል እንደ መርፌ የሚሾልክ። አል ዐይን ያለው ወንድሟ አብርሃም ይሸጠዋል፤ ሰነዱ በእሱ ስም ስለሆነ በአንድ ቀን ይዛወርልኛል።

«ዘሂራ፣ እውነት ልትሄጂ ነው?» አለች ነፊሳ።

«ሞተር ልገዛ እንጂ ሬሳ ልገዛ አልሄድም።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል።»

ሐሙስ ረፋድ አል ዐይን ሄድኩ። አብርሃም ግቢው ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ጠበቀኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጢሙ አድጓል። ሐዘንተኛ ፊት የሟች ስም እየጠሩ ቁስል መነካካት አልወድም፤ ስሟን አላነሳሁም። «አላህ ያጽናችሁ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ቆይቶ «አሜን፣ እህቴ» አለ። ስለ እሷ ሌላ አልተባባልንም።

«ሁለት ወር ማንም አልነካውም» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ጥላ ውስጥ የቆመው ስኩተር ወንበሩ ይሞቃል። ነሐሴ ነው፣ አል ዐይን ውስጥ ምን ቀዝቃዛ ነገር አለ ብዬ ተቀመጥኩ። አጭር ነኝ፤ የሌላ ሰው መስታወት ሳላስተካክል ነድቼ አላውቅም። እነዚህ ሁለት መስታወቶች ግን ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። ሄልሜቱን ሳጠልቅ ማሰሪያው አገጬ ሥር ልክ ገጠመ። ሞተሩ ገና ስነካው ተነሳ።

ግቢውን ዞርኩ። እንደዚያ የታዘዘልኝ ነገር የለም። በሩ ጋ መኪና ለማሳለፍ ቆሜ ሁለቱንም እግሬን መሬት ረገጥኩ። መኪናው አለፈ። መንገዱ ባዶ ሆነ። እግሬን ላነሳ ብል አልነሳ አለኝ። አልደነዘዘም፤ ጣቶቼን ጫማዬ ውስጥ አንቀሳቅሳቸዋለሁ። ብቻ የሆነ ከባድ ነገር እንዳይወድቅ የደገፉ ይመስል መሬቱን ይዘውታል።

ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋ።

በመስታወቱ አየሁ። መኪና የለም። አብርሃም ብቻ ጥላው ሥር እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ፣ ረዘም አድርጎ፣ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው እንደሚነፋው።

«ምን ሆንሽ? ሂጂ እንጂ!» ሲል ጮኸ አብርሃም።

ያኔ እግሬ ተለቀቀ። ወርጄ እየገፋሁ መለስኩለት። «ፍሬኑ አልተመቸኝም» አልኩት። ውሸት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ያፈርኩበት ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

የአል ዋሕዳውን ግመል ገዛሁ። ወረቀቱ የደረሰው ረቡዕ ነው። ሰኞ ዕለት ቦታዬ ለሌላ ሴት ተሰጥቶ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የማዳሜን ደረጃ እየወለወልኩ ሳለ፣ አብርሃም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ስኩተሩ መሸጡን ሊነግረኝ መስሎኝ በአንድ እጄ ከፈትኩት።

«እህቴ፣ ሰው ሁሉ አጽናንቶናል፣ ላንቺም ልንገርሽ ብዬ ነው» አለ ድምፁ። «ሸዋዬ መብራት ላይ ራሷን ከሳተችበት ቀን ጀምሮ ሐኪም ቤት ተኝታ ከርማ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ አረፈች።»