የትሬጋሬግ ሜዳ አፈር

«አልወጣም አልኩህ እኮ! ከፈለግህ ከነእኔ ዛቀኝ!»

ኢድዋል ይህን ሲሉ የኤክስካቫተሩ አካፋ ከፊታቸው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሰማንያውን የተሻገሩት ሽማግሌ በሰሜኑ ጎል ፊት ለፊት፣ ሪጎሬ በሚመታበት ነጥብ ላይ፣ እግራቸውን ገጥመው ቆመዋል። ሾፌሩ ሄቪን ሞተሩን አጠፋና ማይኒር ዘንድ ደወለ።

ማይኒር በሽተኞቿን ለባልደረባዋ አደራ ብላ፣ የነርስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በዝናቡ ደረሰች። የትሬጋሬግ እግር ኳስ ክለብ ሊቀ መንበር ሆና ከተመረጠች ገና ዓመት አልሞላትም። የጣሪያ ድንጋይ የሚፈልጡ የካባ ሠራተኞች ያቋቋሙት ይህ ክለብ፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንድሮ ወደ ላይኛው ሊግ አልፏል። ሊጉ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፤ በብርዱ ወራት ውሃ እየቋጠረ ጨዋታ የሚያሰርዘው ሜዳ ተነሥቶ ሰው ሠራሽ ሣር ካልተነጠፈ፣ ቡድኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቁፋሮው ዛሬ ካልተጀመረ ደግሞ ሜዳው ለውድድሩ መክፈቻ አይደርስም።

«ጋሽ ኢድዋል፣ ምነው በዚህ ዝናብ?»

«ይሄ ዝናብ ነው እንዴ? አንቺን የካርዲፍ ትምህርት አሞላቀቀሽ።»

«እሺ፣ ዝናብ አይደለም። ይምጡ፣ ጣሪያ ሥር ገብተን እንነጋገር።»

«አይርዌንን ጥዬ የት ልግባ?»

የኢድዋል ሚስት የአይርዌን አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ እዚህ ነጥብ ላይ መበተኑን ማይኒር ታውቃለች። ኢድዋል የሜዳውን መስመር በኖራ ሲያሰምሩ በመኖራቸው ከተማው «ኢድዋል ኖራው» ይላቸዋል፤ ሚስታቸው ባረፉ ጊዜ ኮሚቴው ጥያቄያቸውን ያለ ክርክር ተቀብሎ ነበር። አንድ ሰው ናቸው፣ ስትል አሰበች፤ ለአንድ ሰው መላ አይጠፋም።

«አፈሩን የት ነው የምትወስደው?» ስትል ሄቪንን ጠየቀችው።

«ከካባው ማዶ፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ። ውሉ የሚለው እንደዚያ ነው።»

«ሰማሽ?» አሉ ኢድዋል። «ዕድሜዋን ሙሉ አብራኝ የኖረች ሴት፣ ከአሮጌ ፍራሽ ጋር!»

«የእሳቸውን አፈር ለብቻ እናነሣዋለን፤ በእጃችን፣ በክብር።»

«የሌሎቹንስ?»

«የየትኞቹን ሌሎች?»

ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቷት።

ሥጋ ሻጩ አርቮን ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ እየገባ ነበር። ማንንም ሳያነጋግር እስከ መሀል ሜዳው ክብ ድረስ ሄደና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላው ሁለት መንትያ እህትማማቾች በአንድ ጃንጥላ ሥር ተቃቅፈው መጡና ወደ ግራው ኮርነር አቀኑ። ቀጥለው ወይዘሮ ቴግዌን በምርኩዛቸው እየተረዱ ገቡና የሜዳው ጠርዝ ላይ፣ መስመሩን ረግጠው ቆሙ። ማይኒር ወደ እሳቸው ተጠጋች።

«እርስዎም?»

«ባሌ እዚህ ነዋ።»

«እዚህ መስመሩ ላይ?»

«የመስመር ዳኛ አልነበረ? ዕድሜውን ሙሉ ስትሰድቡት ኖራችሁ። ሊሞት ሲል ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እዚያው አድርጊኝ፣ ስድባቸው እንዳይቀርብኝ።›»

«ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አልነገሩንም?»

«ባሌን ወደ ሥራ ቦታው ለመሸኘት ደግሞ ኮሚቴ ላስፈቅድ?»

ማይኒር ሣቋ መጣና መልሶ ጠፋባት፤ በሩ አሁንም ሰው እያስገባ ነበርና። ማንም አልጮኸም፤ ማንም የተቃውሞ ጽሑፍ አልያዘም። የሚገባው ሁሉ የሟቹን ቦታ አጥርቶ ያውቅ ነበር። መንትያዎቹ የቆሙበት ኮርነር፣ አባታቸው በአንድ ምት ታላቁን የከተማ ቡድን ከዋንጫ ያሰናበተበት ነው። አርቮን በቆመበት ክብ ደግሞ፣ ካባው ተዘግቶ ግማሹ ከተማ ለእንጀራ ፍለጋ በተሰደደበት ዓመት፣ አያቱ ተጫዋች ጎደለ ብለው አንዲት ቅዳሜ እንኳ ሳያስታጉሉ ኳሷን መሀል አድርገው ጨዋታ ያስጀምሩ ነበር። በሁለቱም ጎሎች መስመር ላይ የበረኞች ልጆች ቆመዋል። የተከላካዮች ሚስቶች ከኋላ፣ የአጥቂዎች ወንድሞች ከፊት፤ ዝናቡ በሁሉም ላይ እኩል ይወርዳል።

ማይኒር ከእነዚህ ሙታን ብዙዎቹን በየቤታቸው አስታማለች፤ የአንዳንዶቹን ዐይን የከደነችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ የት እንደሄዱ ግን ጠይቃ አታውቅም። እነሆ፣ እዚህ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥሩ ተደግፋ «በርቱ!» ስትል፣ ለካ ድምፅዋ ከሣሩ በላይ ላሉትም ከሣሩ በታች ላሉትም ይደርስ ነበር። እርስ በርሳቸው በአንድ ዘመን ያልኖሩ ሰዎች በየቦታቸው ተሰልፈው የፊሽካ ድምፅ ብቻ የሚጠብቁ መሰላት። እግሯን አንሥታ ወዴት ማሳረፍ እንዳለባት ጠፋባትና ባለችበት ቆማ ቀረች።

ስልኳ ጮኸ። የክለቡ ገንዘብ ያዥ ጌቲን ነበር።

«ተጀመረ?»

«አልተጀመረም። ጌቲን፣ ሜዳው ሰው ነው።»

«ሰው አለበት ማለትሽ ነው?»

«ሰው ነው። አፈሩ ራሱ ሰው ነው። ቆሻሻ መጣያ አልክተውም።»

«እንግዲያው ሊጉን እርሺው።»

«ሊጉንም አልረሳም።»

ይህን ስትል ዐይኗ ከሰሜኑ ጎል ኋላ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነበር። እዚያ፣ ሜዳው ሲጠናቀቅ ለሚሠራው አዲስ የክለቡ ባር፣ ችካል ተተክሎ ሲባጎ ተወጥሯል።

«አፈሩ ከግቢው አይወጣም» አለች። «ከጎሉ ኋላ እንከምረዋለን። ተዳፋት ይሆናል፤ ሣር እንዘራበታለን፤ ሰው ተቀምጦ ጨዋታ ያይበታል።»

«ባሩስ?»

«ባሩ ይቀራል።»

«አብደሻል? ሰዉ ለሊጉ ካጨበጨበው ይልቅ ለባሩ ያጨበጨበው ይበልጣል! ሙታኑ እኮ አንድ ብርጭቆ ቢራ አይገዙንም።»

«በሕይወት ሳሉ የገዙት ይበቃል።»

«ኮሚቴው ሳይሰበሰብ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትወስኛለሽ?»

ማይኒር ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ተመለከተች። «ተሰብስቧል» አለችው። «የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ና።»

ስልኩን ኪሷ ከታ ወደ ኢድዋል ተመለሰች። ያሰበችውን ስትነግራቸው ሽማግሌው ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ከሜዳ አስወጥታችሁ ተመልካች ልታደርጓት?»

«አይርዌን ተጫውተው ያውቃሉ እንዴ?»

«የት ተጫውታ! ሻይና ሾርባ ስትሸጥ አይደል የኖረችው? የዚያች ሻይ ቤት መስኮት ደግሞ ወደ መንገዱ ነው። ጩኸቱን ትሰማና ‹ማነው ያገባው?› ትለኛለች። እኔ ስነግራት እሷ ድስቷን ታማስላለች። ስንት ዋንጫ ሲበላ፣ ስንት ሲጠጣ፣ አንድ ጨዋታ እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው...»

ኢድዋል ቀስ ብለው ዞረው ከጎሉ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ አዩ።

«ከዚያ ላይ ሆኖ ይታያል?»

«ሁለቱም ጎል ይታያል።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ለዝናቡ ሰጡ። ጎንበስ ብለው ሣሩን በመዳፋቸው ደባበሱት፤ የተናገሩትን ግን ማንም አልሰማም። ከዚያ ቀና ብለው ከነጥቡ ላይ ወረዱ። እሳቸው ሲወርዱ አርቮን ከክቡ ወጣ፤ መንትያዎቹ ከኮርነሩ ተነሡ። ወይዘሮ ቴግዌን ብቻ «የእኔ ሰው እንደሆነ ከዚያም ሆኖ መሳደቡ አይቀርም፤ አሁን ደግሞ ተራው የእሱ ነው» አሉና ምርኩዛቸውን አነሡ። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ወጣ።

ሄቪን ሞተሩን አስነሥቶ ከመስኮቱ ብቅ አለ።

«የመጀመሪያውን አካፋ የት ልድፋው? ከላይ፣ ከአጥሩ ሥር?»

ማይኒር ኢድዋልን አየቻቸው።

«ከፊት ይሁን» አሉ ኢድዋል። «ቁመቷ አጭር ነበር፤ ሰው ይጋርድባታል።»

ማይኒር ከጎሉ ኋላ ሄደች፤ ከፊተኛው ረድፍ ጀምራም ችካሎቹን መንቀል ያዘች።