ያልተከረከሙት ቀለሆች

ዱሬሳ አንዲት ትሪመር ለመምረጥ ስድስት ሳምንት ፈጀበት። ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ከሰዓት በኋላ ገዝቶ የሚረሳት ዕቃ ናት። ተተኩሶ ባዶ የቀረን የጥይት ቀለህ አፉን ከርክማ ወደ ልኩ ትመልሳለች፤ ሌላ ሥራ የላትም።

የዱሬሳ እንጀራ ግን መለካት ነው። ሲያትል፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ በሚያመርት ወርክሾፕ ኢንስፔክተር ሆኖ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ከፀጉር የቀጠነ ስሕተት ካየ ሙሉ ሣጥን ይመልሳል። በትርፍ ጊዜው ዒላማ ይተኩሳል፤ ጥይቱንም ሬይነር ቢች ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ራሱ ይሞላል። ባዶውን ቀለህ አጥቦ፣ ከርክሞ፣ ባሩድ አጉርሶ፣ አረሩን ይገጥምበታል።

ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር ከግፊቱ የተነሣ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል። ሳይከረከም የቆየ እንደሆነ አፉ ጠመንጃው ውስጥ ይጣበብና አረሩን አንቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ግፊቱ ወደ ፊት መንገድ ያጣል፤ መንገድ ሲያጣ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ዱሬሳ ይህን ነገር ለሌሎች ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው።

ሲሠራባት የኖረችው ትሪመር የሥራ ባልደረባው ነበረች። ሰውየው ወደ አይዳሆ ሲዛወር ወሰዳት። ስለዚህ ዱሬሳ የራሱን ሊገዛ ተነሣ፤ መከራውም ከዚያ ጀመረ። በእጅ የምትዞረው ትክክለኛ ናት፣ ግን ዘገምተኛ ናት። ድሪል ላይ የምትገጠመው ፈጣን ናት፣ ግን ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት ሌላ መግዛት ይጠይቃል። ባለሞተሯ ሁሉን ታደርጋለች፣ ነገር ግን አንዳንዶች ልኳ በሥራ መሐል ይንሸራተታል ብለው ጽፈዋል። ሲያነብ፣ ቪዲዮ ሲያይ፣ ኦርደር አድርጎ መልሶ ካንስል ሲያደርግ ሴፕቴምበር አለቀ።

ኦክቶበር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሥራ ሲገባ ጌዴዎንን በሩ ላይ ቆሞ አገኘው።

ጌዴዎን በቤተ ክርስቲያናቸው የቤት ኅብረት ውስጥ የቅርብ ጓደኛው ነው። ፌደራል ዌይ ይኖራል፤ ከታኮማ ወደብ ኮንቴይነር የሚጭን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ጡረተኛ አሮጌ ጠመንጃ ገዝቶ አደን ጀምሯል። በዚህ ዓመት ደግሞ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁ ሃሌሉያ ፈቃድ አውጥታለች፤ ቅዳሜ የአጋዘን አደን ሲከፈት አባትና ልጅ አብረው ሊወጡ ነው። የእሱም ጠመንጃ የዱሬሳን ዓይነት ጥይት ስለሚጎርስ ዱሬሳ ሊሞላለት ቃል ገብቶ ነበር።

«ሶ፣ ጥይቴስ?» አለ ጌዴዎን።

«ትሪመሯ ነገ ማታ ነው የምትደርሰው። አሁን ኦርደር አደረግኋት፣ በቃ መረጥሁ።»

«ነገ ጠዋት እኮ ነው ወደ ካምፕ የምንወጣው!»

«ሱቅ አትገዛም?»

«ሁለት ሱቅ ዞሬያለሁ። የጠመንጃዬ ልክ አልቋል። ዱሬ፣ በናትህ፤ ልጅቷ ከጁላይ ጀምሮ ቀን ስትቆጥር ነው የከረመችው። ሃያ ብቻ።»

ዱሬሳ ጋራዥ ገባ። ታጥበው በፌስታል የተቀመጡ ቀለሆች ነበሩት። አምስቱን አውጥቶ በካሊፐር ለካቸው። አምስቱም ልካቸውን የጠበቁ ነበሩ። ሥራ ቦታ አንድ ሰው «አምስቱ ደህና ናቸው፤ ሌላውን አሳልፈው» ቢለው ኖሮ ከነዕቃው ይመልሰው ነበር። እዚህ ግን ጓደኛው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነበር። ሃያውን ሞላና ሰጠው።

«ተባረክ!» አለው ጌዴዎን በመስኮቱ እጁን አውጥቶ።

ቅዳሜ ማለዳ ዱሬሳ አዲሲቱን ትሪመር ከካርቶኗ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አሰራት። ለመሞከሪያ ከዚያው ፌስታል አንድ ቀለህ አነሣና ለካ። ረጅም ነበር። ካሊፐሩን ዘግቶ ዜሮ መሆኑን አየና እንደገና ለካው። ረጅም ነው። ሁለተኛውም ረጅም። ሦስተኛው ደህና። አራተኛው ከሁሉም የባሰ። ፌስታሉ ውስጥ ከቀሩት ሠላሳ ቀለሆች ዐሥራ ዘጠኙ መተኮስ የሌለባቸው ነበሩ።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ኦገስት ላይ ጋራዡን ሲያጸዳ አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሱትንና አምስት ስድስት ጊዜ የተተኮሱትን አንድ ላይ አጥቦ አንድ ፌስታል ውስጥ ጨምሯቸው ነበር። ትሪመር ስገዛ ሁሉንም እከረክማለሁ ብሎ።

ጌዴዎንን ኮል አደረገ፤ አይነሣም። ሃሌሉያን ኮል አደረገ፤ እሷም አታነሣም። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም። ፀሐይ ከወጣች ደግሞ ቆይታለች፤ አዳኞች መተኮስ ከጀመሩ አንድ ሰዓት አልፏል።

የጌዴዎን ሚስት፣ ሥራዬ የምትባለው፣ በየቤቱ አረጋውያንን የምታስታምም ናት፤ ሥራ ላይ ሆና ስልኩን አነሣች።

«ሥራዬ፣ የት ነው ካምፕ ያደረጉት? በትክክል የት?»

«ቲያናዌይ ጫካ፣ ከክሌ ኤለም በላይ። ትላንት ሃሌሉያ ሎኬሽን ልካልኛለች። ምነው?»

«አሁኑኑ ላኪልኝ። ጥይቱ ላይ ችግር አለ፤ መተኮስ የለባቸውም።»

«አንተ የሠራኸው ጥይት?»

«አዎ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወዲያው ሎኬሽኑ መጣለት።

አይ ናይንቲ አውራ ጎዳና ላይ ወጥቶ የሐይቁን ድልድይ ሲያቋርጥ ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪው፣ ወደ ናይን ዋን ዋን ደወለ። የተቀበለችው ሴት በትዕግሥት ሰማችው፤ የመኪናቸውን ዓይነት፣ ስማቸውን መዘገበች። በአካባቢው ላሉት ፖሊሶች መልእክቱን እንደምታስተላልፍ፣ ጫካው ግን ሰፊ መሆኑን ነገረችው። እባክሽ አላት። እባክሽ፣ እባክሽ አለ ደጋግሞ፣ እሷ ከዘጋች በኋላም።

ስኖኳልሚ የተራራ ማለፊያ ላይ ዝናቡ ወደ በረዶ ሊለወጥ ይል ነበር። ከባድ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ይጎተታሉ። መጸለይ ፈለገ፤ ዕድሜውን ሙሉ የጸለየ ሰው «ጌታ ሆይ» ከማለት ማለፍ አቃተው። አእምሮው በራሱ ጊዜ ይቆጥራል፤ ከሃያው ዐሥራ ሁለቱ ረጅም ቢሆኑ፣ መጀመሪያ የሚያነሡት ደህናው የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? መሪውን በጡጫ መታው። መጀመሪያ የምትተኩሰው እሷ ብትሆንስ? ክርስትና አይባልም እንጂ፣ ሕፃን ሆና በጉባኤ ፊት ለጌታ ስትቀርብ በእጁ የያዛት እሱ ነበር።

ከክሌ ኤለም ወጥቶ ኮረኮንቹን ሲይዝ ስልኩ ኔትወርክ አጣ። ጥርጊያው ዳር ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ አዳኞች ቆመው አየ፤ ምንም ሳይጠይቃቸው አለፈ። ካምፑ ሊደርስ ሦስት ማይል ሲቀረው ከላይ አንድ መኪና ጡሩምባዋን እየነፋች፣ ፍሬቻዋን እያበራች ስትወርድ ታየችው። የጌዴዎን መኪና ናት። ሾፌሯ ሃሌሉያ ናት።

ዱሬሳ መኪናውን መንገድ ዳር ጥሎ ወጣ።

«አንክል ዱሬ!» ጮኸች በሩን ከፍታ። «ሂ ካንት ሲ! አያይም! ሂ ካንት ሲ!»

ጌዴዎን ከጎኗ ተቀምጧል። በልጁ ስካርፍ ፊቱን ሸፍኖታል፤ ስካርፉ በደም ርሷል። ጉንጩና ግንባሩ በባሩድ ጠቁሯል።

«ዱሬ? ዱሬ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ዓይንህን አትንካ፣ እባክህ እጅህን አውርድ።»

መሪውን ከሃሌሉያ ተቀበለ። እሷ ከኋላ ገብታ የአባቷን ትከሻ ይዛ የሆነውን ነገረችው። የመጀመሪያውን አባቷ ተኩሶ ሳተ። ሁለተኛውን ሲያጎርስ የጠመንጃው መዝጊያ እምቢ አለ፤ በመዳፉ ገፍቶ ዘጋው። ቃታውን ሲስብ ከኋላ እሳት ወጣ።

«ያ ሽማግሌ የሸጠልኝ ጠመንጃ ነው፣» አለ ጌዴዎን። «የተበላሸ መሆኑን አላወቅሁም። ልጄ ብትይዘው ኖሮስ? አባት ሆይ፣ ተመስገን። ተመስገን። ዱሬን በዚህ ሰዓት የላክህ አምላክ ተመስገን።»

ዱሬሳ መንገዱን ማየት አቃተው። ቢፈልግ እስከ ሆስፒታል ድረስ እውነቱን ሳይናገር መቆየት ይችል ነበር። ጌዴዎን ግን ማመስገኑን አላቆመም።

«ጌዴ፣» አለው፤ «ጌታ አልላከኝም።»

«ምን?»

«ጠመንጃው አይደለም። ቀለሆቹ ረጅም ነበሩ። አምስት ለክቼ ሌላውን ሳልለካ ነው የሰጠሁህ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ነው ሮጬ የመጣሁት። እኔ ነኝ ጌዴ።»

ከዚያ ሃሌሉያ ከኋላ፣ እንደምንም ባማርኛዋ፣ «ግን ሐሙስ ሁሉንም መለካት ትችል ነበር?» አለችው።

«እችል ነበር።»

«ስንት ደቂቃ ነው?»

«ዐሥር ደቂቃ።»

ማልቀስ ጀመረች። ጌዴዎን ስካርፉን እንደያዘ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ንዳ፣» አለ። «ዝም ብለህ ንዳ።»

የቅርቡ ክሊኒክ ዓይኑን ሸፍኖ በአምቡላንስ ወደ ሲያትል ላከው። ሐኪሞቹ ከቀኝ ዓይኑ የቀለሁን የናስ ስባሪ ለማውጣት ኦፕሬሽን ክፍል ሲያስገቡት ሥራዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ደረሰች። ዱሬሳ ከወንበሩ ተነሣ። ትጮኽብኛለች ብሎ ነበር፤ አልጮኸችም።

«እኔ ለማስታምማቸው አሮጊት በቀን ዐሥራ አራት ኪኒን እሰጣለሁ፣» አለችው። «አንድ በአንድ አይቼ ነው። አምስቱን አይቼ ሌላውን በግምት ሰጥቼ አላውቅም። የተማርሁ ሰው አይደለሁም። አንተ የተማርህ ነህ።»

«ሥራዬ፣ ይቅር…»

«ተወኝ። አሁን አትናገረኝ።»

ሃሌሉያን አቅፋ ወደ ሌላው ጥግ ሄደች። ዱሬሳ ኦፕሬሽኑ እስኪያልቅ እዚያው ቆየ፤ ማንም ሂድ አላለውም፣ ማንም ቁጭ በል አላለውም። ሐኪሙ ወጥቶ የግራው ዓይን መትረፉን፣ ቀኙ ግን ተስፋ እንደሌለው ሲነግራቸው እሱ ርቆ ነው የሰማው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ዱሬሳ ሥራ እየሄደ ይመለስ ነበር እንጂ ሰው አልነበረም። በቀን አንድን ዕቃ አራት አምስት ጊዜ ይለካል፤ አለቃው ምን ሆነህ ነው ብሎ ጠየቀው። ከቤት ኅብረቱ ቀረ። ፓስተሩ ሲደውሉ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ዘጋ። ጌዴዎን ያን ትልቅ መኪና መንዳት ተከልክሏል፤ መቼ እንደሚፈቀድለት፣ ጨርሶ ይፈቀድለት እንደሆነም አይታወቅም። ዱሬሳ እሑድ እሑድ ፌደራል ዌይ ድረስ እየነዳ አፓርታማቸው ፓርኪንግ ላይ ይቆማል። ደረጃውን ግን መውጣት አይችልም። ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይመለሳል።

በአራተኛው እሑድ እዚያው እንደተቀመጠ ስልኩ ጠራ። ጌዴዎን ነው።

«ሃሌሉያ መኪናህን አየችው። ባለፈውም አይታው ነበር።»

ዱሬሳ ቀና ብሎ ወደ መስኮታቸው አየ።

«ሥራዬ ታናግርሃለች ብዬ ቃል አልገባልህም፣» አለ ጌዴዎን። «እኔም ሳይህ ምን እንደምልህ አላውቅም። አንዳንድ ቀን በጣም ነው የምጠላህ ዱሬ። ግን እዚያ አትቀመጥ። ና ውጣ።»

በሩን የከፈተችለት ሃሌሉያ ናት። እንደ ወትሮው አላቀፈችውም፤ ገለል አለችለት። ሥራዬ ከኩሽና ወጥታ አየችውና ተመልሳ ገባች። ጌዴዎን ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፣ ከስቷል።

ዱሬሳ ከሶፋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል አድርጎ አቀረቀረ።

ጌዴዎን አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ ፈለገው።

«በግራዬ በኩል ሁን፣» አለው። «እዚያ ሆነህ አላይህም።»

ዱሬሳ ተነሥቶ ወንበሩን ይዞ ወደ ግራው ዞረ።