የብርቱካናማዋ ቆርኪ ቦታ

24.

«ማልያውን ለኔ ስጪኝ» አለኝ፣ ገና በሣልስቱ።

ድንኳኑ አልተነቀለም። የጠየቀኝ ሰው ሸጋው ይባላል፤ የሟቹ ባሌ የአስናቀ ጓደኛ ነው። ዓይኑ ከኔ ዓይን የበለጠ አብጦ ነበር። ለቀስተኛው ከኔ ተነስቶ ወደ እሱ ይሄድና ትከሻውን ይዞ ይቆያል። ከኔ ጋር ያን ያህል አይቆይም።

አልሰጠሁትም።


23.

ከታች ወደ ላይ ነው የምቆጥረው። አስናቀ እንዲህ ያደርግ ነበር። «መጀመሪያ የሚወርደውን ለይ፤ የሚወጣው ራሱ ይመጣል» ይላል። በእንግሊዝ አራተኛው ሊግ ሃያ አራት ቡድን አለ፣ ከሥር ያሉት ሁለቱ ይወርዳሉ። እናንተም 24ን እና 23ን ብትረሷቸው አልቀየምም። ሊወርዱ የተጻፉ ናቸው።


22.

«ለምን እንደ ሰው አርሰናልን አትደግፍም?» ብዬዋለሁ። ኮምቦልቻ ሙሉ ወይ አርሰናል ነው ወይ ማንቼ።

ሥራው ሞተር መጠምጠም ነበር። ከሰልቫጅ ተራ አንድ ብርቱካናማ ማልያ ገዛ፤ ለኳስ ሳይሆን ለሥራ፣ ግራሶ ቢነካው አይቆጨኝም ብሎ። እንደለበሰው ሙዘይን ሻይ እየሸጠ ኳስ ከሚያሳይበት ዲኤስቲቪ ቤት ገባ። «የማደያ ቀጂ ሆንክ እንዴ?» ብለው ሳቁበት። ሸጋው ብቻ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ማልያው ላይ ያለውን ዓርማ ሲፈልግ ቆየና፣ «ሃርንስተን ታውን* ይባላል። አራተኛ ሊግ ነው። አሥራ ዘጠነኛ ናቸው» አለው።

አስናቀ «ምስኪኖች» አለ።

በቃ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

* የት እንዳለች አትጠይቁኝ። እነሱም ፈልገዋት አያውቁም።


21.

ቡድኑ ሲጫወት አይተውት አያውቁም። አራተኛ ሊግን ሙዘይን ቤት የሚያሳይ ቻናል የለም። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሲሰቅል፣ አስናቀ፣ ሸጋውና ሙዘይን አንገታቸውን ደፍተው አንድ ስልክ ላይ ቁጥር እስኪለወጥ ይጠብቃሉ።

0 ለ 0።

0 ለ 0።

0 ለ 1።

«በቀኝ በኩል ነው የገባብን» ይላል አስናቀ። ሳያይ ያውቃል። ሙዘይን ሁለቱን ለማናደድ ሲል ብቻ ፔልካም የምትባለዋን ቡድን ያዘ፤ ፔልካም ሲያገባ ለቤቱ ሁሉ ሻይ በነጻ ይቀዳል።


20. እንዴት እንደሚደለደል

ነሐሴ ሳይገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ ቡድኖቹ በዓመቱ ስንተኛ እንደሚወጡ ለመገመት ሃያ አራት ቆርኪ ሰብስብ። የለስላሳ፣ የአምቦ ውኃ፣ የቢራ። (የቢራውን ሙዘይን ከጎረቤት ግሮሰሪ ይለምናል፤ በሱ ቤት ቢራ አይገባም።) ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቆርኪ። በረጅሙ አግዳሚ ላይ ከታች ወደ ላይ ደርድር። አንዱን መግፋት ስትፈልግ ጣትህን አሳርፍበትና ምክንያትህን ተናገር። ምክንያት ከሌለህ ጣትህን አንሳ። ሁሉም ዝም ሲል ድልድሉ ጸና፤ ሙዘይን ፎቶ ያነሳዋል፣ ቆርኪዎቹ ወደ ወተት ጣሳ ይገባሉ።

ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡት በቀጥታ ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋሉ። ከአራት እስከ ሰባት ለቀረችው አንድ ቦታ እንደገና እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ስለዚህ ሰባተኛ ማለት ተስፋ የሚጀምርበት ነው።

ብርቱካናማዋ ቆርኪ የሃርንስተን ናት። በመጨረሻ ትገባለች። የሚያስገባት ባለማልያው ብቻ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ አስናቀ ኪሱ ከቷት ቤት ይመጣል። «እረፍት ላይ ናት» ይላል።


19.

ቅናት።


18.

ከሥራ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ወደ ቤት አይገባም። ከውኃው ሮቶ አጠገብ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ይቆምና ስልኩን አፉ ላይ ደግኖ ያወራል። ይስቃል። እጁን ያወናጭፋል። በመስኮት አየዋለሁ። መጀመሪያ ሴት መሰለችኝ። አንድ ቀን ልብስ የማሰጣ መስዬ ተጠጋሁና ሰማሁት።

«የግራ ተመላላሹን ባይሸጡት ጥሩ ነበር» ይላል፣ ለሸጋው ድምፅ እየቀዳ።

ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሴት ብትሆን የማደርጋትን አውቃለሁ። የግራ ተመላላሽን ምን ያደርጉታል?

ቤት ሲገባ «እንዴት ዋልሽ።» «እንዴት ዋልክ።» «ደህና።» ድምፁን እዚያ ሮቶው ጋ ጨርሶት ነው የሚመጣው።


17. ከአስናቀ ወደ ትርሲት፣ ስልኬ ላይ ያለው

መብራት አለ?

ዳቦ ልያዝ?

መጣሁ

እሺ

እሺ

መጣሁ

በድምፅ የላከልኝ አንድም የለም። ለሚስት ድምፅ አይላክም፤ ገብተህ ታናግራታለህ። ልቡ ናት አሉ፣ ሥራ ላይ ሳለ ወደቀ። አሁን ድምፁን ልስማ ብል የምሰማበት የለኝም።


16.

አርባው ከወጣ በኋላ ልብሱን ለነዳያን ሳወጣ፣ ከሱሪው ትንሿ ኪስ ብርቱካናማዋ ቆርኪ ወደቀች። ጠርዟ ከመታሸት ብዛት ለስልሷል። እኔን ስንት ጊዜ እንደዚያ አሽቶኛል ብዬ አሰብኩ። ሰው በቆርኪ ይቀናል? ይቀናል።

በዚያው ቀን የአስናቀን ስልክ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ተነሳ። መልእክት ይጎርፍ ጀመር።

ሸጋው መላኩን አላቆመም ነበር።


15. (ድምፅ። ከሸጋው፣ ለአስናቀ። ሐምሌ።)

«አስኔ፣ እንዴት ነህ ወንድሜ። እዚህ ዝናብ ነው። ግብ ጠባቂውን ለቀቁት፣ ያን ረጅሙን። አንተ ‹ይሄ ልጅ ጎል አይደለም የሚጠብቀው፣ ሆቴል ነው፤ የመጣውን ሁሉ ያስገባል› ያልከውን። ደስ ይበልህ። በሱ ፋንታ ከስኮትላንድ አንድ አምጥተዋል፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ነው ግን ይጮሃል አሉ። የሚጮህ ነው የሚያስፈልገን። ከላይ ከወረዱት ሁለቱ ከባድ ናቸው። ሙዘይን ሃያኛ ናችሁ ይላል፤ እሱ መቼም ሟርተኛ ነው። እና እንግዲህ … ምን ልበልህ። ነገ እነግርሃለሁ።»

ነገ እነግርሃለሁ።

ባሌ ከኔ ጋር ነገ የለውም። ከሸጋው ጋር አለው። እኔ መቃብሩ ድረስ ሄጄ አንዲት ቃል ማውጣት ያቃተኝ ነኝ።


14.

አንድ ነገር አላወቅሁም። ቴሌግራም ላይ መልእክት ሲከፈት በላኪው በኩል አንዷ ምልክት ሁለት ትሆናለች። ሸጋው ሙዘይን ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ለሟች የላካቸው ሁሉ ዓይኑ እያየ ሁለት ሁለት ሆኑ።

«ሻዩን ደፋው» አለኝ ሙዘይን በኋላ። «ፊቱ ኖራ መሰለ። ‹ሰማኝ› ነው ያለው፣ ወላሂ። ስልኩ አንቺ ጋ እንዳለ እስክነግረው ድረስ አላመነም።»

ካወቀ በኋላ ያፍራል፣ ይተዋል ብዬ ነበር። አልተወም። በሚቀጥለው ላይ «እታለም፣ እየሰማሽ ከሆነ እሁድ ድልድል ነው። ቆርኪዋን አግኝተሻት እንደሆነ …» አለና፣ ትንሽ አስሎ ወደ አስናቀ ተመለሰ። ስለ አጥቂ አወሩ። አወራ ማለቴ ነው።


13.

ሌላ ቆርኪ ሞልቷል፤ መንገድ ላይ ይለቀማል። ይህን እናንተ ሳትጠይቁኝ እኔው ራሴን ጠይቄዋለሁ። ሸጋው ግን ሌላ አያስነካም። አውቄበታለሁ።

እሱ የአስናቀን ድምፅ ይዟል። እኔ ቆርኪዋን ይዣለሁ።

ከጥቁር ቀሚሴ ላይ ብርቱካናማውን ማልያ ለበስኩ። በላዩ ነጠላዬን ደረብኩና ወጣሁ።


12. ሙዘይን ቤት፣ እሁድ ከሰዓት

ሙዘይን፦ ውይ፣ ግቢ ግቢ፣ ዝናቡ በላሽ። ሸጋው፣ ተነሳላት።

ሸጋው፦ እታለም፣ ይኸው እዚህ። (የተቀመጠው አስናቀ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ነበር።)

እኔ፦ አልቀመጥም። ስንተኛ አደረጋችሁን?

ሙዘይን፦ እናንተን? ሃያኛ። ያውም ለለቅሶው ብዬ ነው።

ሸጋው፦ አትስሚው። አጥቂ ካገኘን …

ሙዘይን፦ አምና አጥቂ ነበራችሁ። ጎሉ በየት በኩል እንደሆነ የነገረው ጠፋ እንጂ።

ሸጋው፦ አሰልጣኙ ነው ያጠፋው። ዘንድሮ እሱም የለም።

ሙዘይን፦ አሰልጣኝ የለ፣ አጥቂ የለ፣ ተመላላሽ የለ። ማልያ ብቻ ነው ያላችሁ። (ነጠላዬ ሥር አየ።) ይቅርታ፣ እህቴ።

እኔ፦ ቆርኪዋ አለች።

(ሁለቱም እጄን አዩ።)

እኔ፦ የአስናቀን ድምፅ ላክልኝ። ያለህን ሁሉ። ያን ጊዜ ትገባለች።

ሸጋው፦ አይሆንም።


11.

አይሆንም።

ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ሁለት ጊዜ ስላለኝ ነው። ሁለተኛውን መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ያንቺ ቤት ሙሉ ነው» አለኝ። «አልጋው አለ፣ ጫማው አለ፣ ፎቶው አለ። የአስናቀ ሚስት ትባያለሽ። እኔ ምን እባላለሁ? ለጓደኛ ጥቁር ይለበሳል? እኔ ያለኝ ይቺ ስልክ ናት።»

«ላክልኝ አልኩህ እንጂ አምጣው አላልኩህም። ብትልከው ይጎድልብሃል?»

«ይጎድላል» አለ።

ገባኝ። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። በጣም ስለገባኝ ጠላሁት።


10.

ስልኩን ከእጁ የወሰደው ሙዘይን ነው። «አብሽሪ» አለኝ። ለሱም «አንተም አብሽር። ሁለታችሁም የሞተባችሁ አንድ ሰው ነው» ብሎ አንዱን ድምፅ ከፈተ።

ዝናቡን አልፎ ተሰማ። ሙሉ ድምፅ፣ የሚስቅ፣ እኔ የማላውቀው። «ሸጌ» ይለዋል። እኔን ትርሲት ነው የሚለኝ፣ ሙሉ ስሜን፣ እንደ ቀበሌ። ስለ ረጅሙ ግብ ጠባቂ ያወራል፣ ያወራል፣ ከዚያ ከሩቅ የሴት ድምፅ መጣ።

«አስናቀ፣ ሽሮው በረደ።»

«መጣሁ» አለ። ተቆረጠ።

ሙዘይን ሌላ ከፈተ። «አስናቀ፣ መብራት ሄደ።» «መጣሁ።» ተቆረጠ።

ሌላ። «አስናቀ።» ተቆረጠ።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚያልቀው» አለ ሸጋው። «አንድ ወሬ አስጨርሰሽን አታውቂም። ስትጠሪው ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ ‹ቆይ› ብሎሽ አያውቅም። ስንት ዓመት የቀናሁብሽ ይመስልሻል?»


9.

እዚህ ላይ ሴትዮዋ ታለቅሳለች፣ ቅናቷም ይለቃታል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር።

አልለቀቀኝም። እኔ የምፈልገው «ሸጌ» ያለበትን ድምፅ ነው። ለኔ የደረሰኝ «መጣሁ» ነው፤ እሱ ደግሞ ስልኬ ላይ ሞልቷል።

«የመጨረሻዋን ክፈታት» አልኩ።


8. (ድምፅ። ከአስናቀ፣ ለሸጋው። ግንቦት፣ በሞተበት ሳምንት።)

«ሸጌ፣ ስማኝማ። ዘንድሮስ ለትንሽ ተረፍን። በየዓመቱ ሰባተኛ አስቀምጣታለሁ፣ ሙዘይን ይስቅብኛል፣ ታውቃለህ። ሳስበው ግን ሰባተኛ ለኔ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ አምኜበት አይደለም። ለሚቀጥለው ቁርጤን አውቄያለሁ። ሰባተኛ አላደርጋትም። የማደርጋት …»

«አስናቀ።»

«መጣሁ።»

ሙዘይን ስልኩን አግዳሚው ላይ አስቀመጠው።

«በማግስቱ ጠየቅሁት» አለ ሸጋው። «‹በድልድሉ ቀን ትሰማዋለህ› አለኝ። ላንቺ አልነገረሽም? ወደ አንቺ ነው እኮ የገባው።»

ወደ እኔ ነው የገባው። በሩ ላይ ቆሞ «አቤት» አለኝ። ለምን እንደጠራሁት ጠፋኝ። «ምንም» አልኩት። ወዲያው አልሄደም። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ የሆነ ነገር ያሻል። ፊቱ ላይ ገና ያ የሮቶው ሳቅ ነበረበት። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ይህን ነገርኳቸው። ሸጋው ስልኩን አንስቶ ነካ ነካ አደረገው። ቦርሳዬ ውስጥ የኔ ስልክ ይጮህ ጀመር። አላቋረጠም። ድምፆቹ እየገቡ ነበር።

አግዳሚው ላይ ሃያ ሦስት ቆርኪ ተደርድሯል። ብርቱካናማዋ መዳፌ ውስጥ ሞቃለች። አግዳሚው ላይ አኖርኳትና ጣቴን አሳረፍኩባት።

«በምክንያት ነው» አለ ሙዘይን ቀስ ብሎ። «ምክንያት ካለሽ ብቻ ነው፣ እህቴ።»

«አለኝ» አልኩና ገፋኋት።



____.