የአስታማሚዋ ቃል

ሲስተር ሲፈን መጠይቋን ይዛ አልጋው አጠገብ ስትቆም ጽጌማርያም ነጠላዋን አስተካከለች። ባሏ መምህር ተክለብርሃን ያን ዕለት ጠዋት ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል፤ ቀዶ ጥገናው ለሦስተኛው ቀን ተቀጥሮለታል።

«መጠጥ ይወስዳሉ፣ ጋሼ?»

«እወስዳለሁ» አለ ተክለብርሃን። «ጠዋት ጠዋት አረቄ ካልቀመስኩ እጄ ጠመኔ አይዝም።»

ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ዕድሜ ልኩን ለርዕሰ መምህሩም ለንስሐ አባቱም ሲዋሽ የኖረ ሰው፣ እውነት መናገር ያማረው ዛሬ ነው፤ ያውም እታገኝ አጠገቡ ቁጭ ብላ። እታገኝ የጽጌማርያም የማኅበር ጓደኛ ናት። በሚቀጥለው አልጋ አባቷን ታስታምማለች፤ ጆሮዋ ደግሞ የዋዛ አይደለም።

«ሕመሙ ነው የሚያስቀባጥረው» አለች ጽጌማርያም ፈጠን ብላ። «ለበዓል ጠላ ቢቀምስ ነው።»

ሲስተር ሲፈን ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው፤ ከዚያ ጥያቄዋን ወደ ሚስትየዋ አዞረች። ለመተው ሞክረው ያውቃሉ? ሰው ሲናገራቸው ይቆጣሉ? ይጸጸታሉ? ጽጌማርያም ለሦስቱም የለም እያለች ራሷን ነቀነቀች።

«ጠዋት እንደተነሱስ ይጠጣሉ?»

«ጠዋትማ ጸበል ነው የሚጠጣው።» ዓይኗን በጨው አጥባ ትንሿን ቢጫ ጀሪካን ከዘንቢሏ ብቅ አደረገች። «ይኸው፣ እዚህም ይዤለት መጥቻለሁ።»

ሰካራም የጠጣውን ይደብቃል እንጂ ያልጠጣውን ጠጣሁ አይልም። ሲስተር ሲፈን ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ግን ሰውየው በስቃይ ላይ ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ የረጋች ናት። የሴትዮዋን ቃል ጻፈች። ተክለብርሃን ሚስቱን ትክ ብሎ አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጀሪካኑ ውስጥ ያለው አረቄ ነበር። ዲላ ውስጥ ስሟ እንዳይነሳ ብላ ሰባት ዓመት ሙሉ በባጃጅ አጎራባች ከተማ ጪጩ ድረስ እየሄደች ስትገዛ ኖራለች። በየማለዳው አንድ ስኒ ትቀዳለታለች፣ እጁ ይረጋል፣ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ገበና መሸፈን እንጂ ማጠጣት መስሎ ታይቷት አያውቅም። እዚህም ከሰው ዓይን ተሰውራ ልታቀምሰው ነበር፤ እታገኝ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተክለብርሃን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላቡ አንሶላውን አራሰው። «ጉንዳኑን አንሱልኝ» እያለ ከደረቱ ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል። ሐኪሙ፣ «ሲወድቅ ጭንቅላቱን ተመትቶ ይሆናል» አለ፤ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው አምቡላንስ ይጠራ ተባለ።

«እስኪ ጸበሉን» አለች እታገኝ። ጽጌማርያም እጇን ከመዘርጋቷ በፊት እታገኝ ጀሪካኑን ከዘንቢሉ አወጣች፤ አማተበች፣ በመዳፏ ቀዳችና ፊቱ ላይ ረጨችው።

ሽታው ክፍሉን ሞላው። እታገኝ እርጥብ መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ክዳኑን በጥንቃቄ ገጥማ ጀሪካኑን ወደ ቦታው መለሰችና ከአባቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ጽጌማርያም ምነው በሰደበችኝ አለች በልቧ። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በሩ ላይ ቃሬዛው ሲመጣ አየች።

«ሲስተር» አለች፤ ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። ደግማ ተናገረች። «ጭንቅላቱ አይደለም። በየጠዋቱ አረቄ የምቀዳለት እኔ ነኝ። ከቀረበት ሦስት ቀኑ ነው።»

ሲስተር ሲፈን አፍጥጣ አየቻት። «እሳቸውማ ነግረውኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ፤ መልስ ሳትጠብቅም ወደ ሐኪሙ ሮጠች።

ቃሬዛው ተመለሰ፤ በምትኩ የሚያረጋጋ መርፌ መጣ፤ ቀዶ ጥገናውም ተላለፈ። በሦስት ቀኑ ጉንዳኑ ከደረቱ ወረደ፣ ተክለብርሃንም ሰው መለየት ጀመረ። ሲስተር ሲፈን አዲስ መጠይቅ ይዛ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመች።

«እንደ አዲስ እንሙላው፣ ጋሼ። መጠጥ ይወስዳሉ?»

ተክለብርሃን ከትራሱ ቀና አላለም። ድምፁም ቁጣ አልነበረበትም።

«እሷን ጠይቂያት» አለ። «የኔ ቃል እዚህ አይታመንም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ አስታማሚ ሁሉ ዞሮ አያት። ጽጌማርያም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ልትስብ ጀምራ ተወችው፤ ከመጀመሪያው ጥያቄ ተነስታ፣ እታገኝ እንድትሰማት ጮክ እያለች መለሰች።